መደርደሪያው ይቀላቀል፣ መለያው ግን አይጥፋ፦ የአንድ የንባብ አገልግሎት ግምገማ

ላለፉት ስምንት ወራት ስጠቀምበት ስለቆየሁት አንድ የዲጂታል ንባብ አገልግሎት ያለኝን አስተያየት በዚህ ጽሑፍ አቀርባለሁ። አገልግሎቱ በወርኃዊ ክፍያ የሚሠራ ሲሆን፣ ተመዝጋቢው በስልኩም ሆነ በንባብ መሣሪያው ላይ መጻሕፍትን እንዲያነብ፣ የብዙዎቹንም ትረካ በድምፅ እንዲያዳምጥ ያስችላል። ስሙን ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ የማነሣቸው ጉድለቶች ከዚህ በፊት በሞከርኋቸው ሁለት ሌሎች አገልግሎቶች ላይም ስላየኋቸው በአንዱ ላይ ብቻ መጫን ፍትሐዊ አይመስለኝም። ስለ ፍጥነቱ፣ ስለ ፊደሉ መጠንና ስለ ማያ ገጹ ብርሃን ሌሎች በበቂ ሁኔታ ጽፈዋል። እኔ የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ አፈ ታሪክን፣ ታሪክንና ልብ ወለድን ጎን ለጎን ማንበብ የሚወድ ሰው በዚህ አገልግሎት ምን ያገኛል፣ ምንስ ያጣል?

ገና ሲመዘገቡ አገልግሎቱ ምን ማንበብ እንደሚወዱ ይጠይቅና ሣጥኖችን ይደረድራል። ታሪክ አንድ ሣጥን ነው፤ ልብ ወለድ ሌላ፤ አፈ ታሪክና ተረት ደግሞ በአንድነት ሦስተኛ። ሦስቱንም መረጥሁ፤ ነገር ግን ጣቴን እያነሣሁ ጥቂት አመንትቻለሁ። በአማርኛ ለሚያስብ ሰው ይህ አከፋፈል ከመጀመሪያው ይጎረብጣል። «ታሪክ» የምንለው ቃል በሰነድና በቁፋሮ የተመረመረውን ያለፈ ዘመንም፣ አንድ ሰው «ታሪኬን ላጫውትህ» ብሎ የሚያወጋውንም በአንድነት ይይዛል። ከፊቱ «አፈ» ስንጨምርበት ነገሩ ከአፍ ወደ አፍ የተላለፈ መሆኑን ተናገርን እንጂ ሐሰት መሆኑን አልተናገርንም። ምንጩን በግልጽ የሚናዘዘው «ልብ ወለድ» ብቻ ነው፤ ልብ የወለደው መሆኑን በስሙ ይዞታል። ስለዚህ ሦስቱ ስሞች አንድን ነገር በአንድ መስፈርት የከፈሉ አይደሉም፤ አንዱ ስለ ይዘቱ፣ አንዱ ስለ መጣበት መንገድ፣ አንዱ ስለ አመንጪው ይናገራል፤ አንድ መጽሐፍም ያለ ምንም ተቃርኖ በሦስቱም ሊጠራ ይችላል።

አገልግሎቱን ለመፈተን የመረጥሁት ርእስ በጥንታዊ ጦርነቷ የምትታወቀው ከተማ ትሮይ ነው፤ ሦስቱ ዘርፎች እንደዚህች ከተማ የተጠላለፉበት ሌላ ርእስ ማሰብ ስለሚከብደኝ። በሆሜር ስም የሚጠራው የጥንት ግሪክ ግጥም ኢልያድ የሚዘምርለት የትሮይ ጦርነት ለጥንት ግሪኮች የአባቶቻቸው ታሪክ ነበር፤ ከብዙ ዘመን በኋላ በርካታ ምሁራን ከተረት ቆጥረው ወደ ጎን አደረጉት። ሃይንሪኽ ሽሊማን እ.ኤ.አ. በ1870 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በዛሬዋ ቱርክ ሂሳርሊክ በተባለው ጉብታ ላይ መቆፈር ሲጀምር ደግሞ ነገሩ ተመልሶ ወደ ታሪክ ተጠጋ። ሽሊማን በ1873 ያገኘውን ወርቅ በግጥሙ የትሮይ ንጉሥ የሆነው የፕሪያም ሀብት ነው ብሎ ለዓለም አሳወቀ፤ ወርቁ የወጣበት የአፈር ንብርብር ግን ጦርነቱ ተካሄደበት ከሚባለው ዘመን በሺህ ዓመት ገደማ የሚቀድም መሆኑ ኋላ ታወቀ። ከተማዋ እውነት ነበረች፣ ወርቁም እውነት ነበር፤ ሁለቱን የሰፋው ክር ግን የሽሊማን የራሱ ልብ ወለድ ነበር።

እንዲህ ያለው ርእስ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞችንም ሲያስቸግር ኖሯል። ሜልቪል ዱዊ በ1876 ባሳተመው የዐሥርዮሽ አመዳደብ ዛሬ በምናውቀው መልኩ የግሪክ አማልክት በ292 ከሃይማኖት ጋር፣ የሕዝብ ተረት በ398.2 ከማኅበራዊ ሳይንስ ጋር፣ የግሪክ የጀግንነት ግጥም በ883 ከሥነ ጽሑፍ ጋር፣ ትሮይ የነበረችባት የጥንቷ ትንሿ እስያ ታሪክ ደግሞ በ939 ሥር ይቀመጣሉ። ስለ ትሮይ በሙሉ ማንበብ የፈለገ ሰው ከአንዱ የአዳራሹ ጫፍ እስከ ሌላው ይመላለሳል ማለት ነው። በዚህ አገልግሎት ግን የከተማዋን ስም በመፈለጊያው ሣጥን ሳስገባ ሁሉም በአንድ ገጽ ላይ ተሰለፉልኝ፦ የቁፋሮ ዘገባ፣ የግጥሙ ሁለት የተለያዩ ትርጉሞች፣ ለወጣቶች የተዘጋጀ የአማልክት መድበል፣ እንዲሁም ጦርነቱን በምርኮኛ ሴቶች ዐይን የሚያዩ የቅርብ ጊዜ ልብ ወለዶች። ቀኑን ሙሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ስሻገር ዋልሁ፤ የወሩ ክፍያ በዚያች አንዲት ቀን ተመልሶልኛል ብዬ ለመናገር አላፍርም።

የአገልግሎቱ ትልቁ ብርታት ይኸው ነው፤ ብርታቱ የሚመጣው ግን መጻሕፍቱን ስለሚያውቅ አይደለም። የጥቆማ ሥርዓቱ በዋነኛነት የሚያየው አንድን መጽሐፍ የጨረሱ ሰዎች ቀጥለው ምን እንደከፈቱ ነው። አንባቢዎች ደግሞ የሣጥን አጥር አያከብሩም፤ የግሪክን አማልክት የሚተርክ ልብ ወለድ የጨረሰ ሰው «ይህ ነገር እውነት ይሆን እንዴ?» ብሎ ወደ ታሪክ መጽሐፍ ይሄዳል፣ የታሪኩ ደረቅነት ሲያስጨንቀው ደግሞ ወደ ግጥሙ ይመለሳል። ሥርዓቱ ይህንን ዱካ ተከትሎ መንገድ ያበጃል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከጨረስኋቸው ዐሥራ ዘጠኝ መጻሕፍት ስምንቱ ታሪክ፣ ሰባቱ ልብ ወለድ፣ አራቱ የአፈ ታሪክ መድበሎች ነበሩ፤ ራሴን እስከዚያ ጊዜ ድረስ የታሪክ አንባቢ ብቻ አድርጌ እቆጥር ስለነበር የንባብ ዝርዝሬ ከእኔ ይልቅ እኔን ያውቀኝ ነበር።

መደባለቁ ራሱ የዘመናችን ብልሽት ነው የሚሉ ሰዎች ስላሉ፣ በዚህ ነጥብ ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ። ግሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ቱሲዳይደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት የፔሎፖኔዝን ጦርነት ሲጽፍ፣ ሥራው ተረት ስለሌለበት ለጆሮ ብዙም ላይጥም እንደሚችል አስጠንቅቋል፤ እዚያው አጠገብ ግን የተናጋሪዎቹን ቃል በትክክል ማስታወስ አስቸጋሪ በመሆኑ፣ ወደ እውነተኛው ንግግር ጠቅላላ ሐሳብ የተቻለውን ያህል እየተጠጋ ሁኔታው ይጠይቅ የነበረውን እንዳናገራቸው ይነግረናል። ተረትን ከደጅ ሲመልስ ድርሰትን በጓሮ አስገባ ብንል አልዋሸንም። አርስቶትል በበኩሉ የታሪክ ጸሐፊው የሄሮዶተስ ሥራ በግጥም ቢጻፍ እንኳ ታሪክ ከመሆን እንደማይወጣ ጽፏል፤ ልዩነቱ ያለው ከቅርጹ ሳይሆን የሆነውን ከመናገርና ሊሆን የሚችለውን ከመናገር ላይ ነው። በ1136 ገደማ የብሪታንያን ነገሥታት ታሪክ የጻፈው የሞንመዙ ጄፍሪ የአገሩን ንጉሣዊ ዘር ከትሮይ ስደተኞች ያስጀምራል፤ ምንጬም በብሪታንያውያን ቋንቋ የተጻፈ እጅግ ጥንታዊ መጽሐፍ ነው ይላል። በ13ኛው መቶ ዓመት የተዘጋጀው የአይስላንዳዊው የስኖሪ ስቱርሉሰን ኤዳ የተባለው የአፈ ታሪክ መጽሐፍም በመቅድሙ የሰሜን አማልክትን ከትሮይ የመጡ ሰዎች ያደርጋቸዋል። ጄፍሪን ገና በራሱ በ12ኛው መቶ ዓመት የታሪክ ጸሐፊው የኒውበርጉ ዊሊያም ውሸት ፈጣሪ ብሎ ስለከሰሰው፣ «ይህ ታሪክ ነው ወይስ ፈጠራ?» የሚለው ክርክር እኛ የጀመርነው አይደለም።

እንግዲህ ቅሬታዬ መጻሕፍቱ አብረው በመቅረባቸው ላይ ሊሆን አይችልም። ቅሬታዬ አንዱን መጽሐፍ ከፍቼ ምን ዓይነት ነገር እያነበብሁ እንደሆነ ማወቅ ስፈልግ አገልግሎቱ ዝም ማለቱ ነው። በመጽሐፉ መግለጫ ገጽ ላይ የሽፋን ሥዕል፣ የአንባቢዎች ኮከብ፣ የገጽ ብዛትና አንድ አንቀጽ ማስታወቂያ አለ። «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» የሚለው ሐረግ በአንዱ መጽሐፍ ላይ ደራሲው ለዓመታት ከሰነድ ጋር የታገለበትን ሥራ ያመለክታል፤ በሌላው ላይ የአንድ ንጉሥ ስምና የአንዲት ከተማ ስም ከመቅረታቸው በቀር ሁሉም የተፈጠረ ነው፤ ሐረጉ ግን በሁለቱም ላይ በእኩል ድምቀት ተጽፏል። በ18ኛው መቶ ዓመት የኖረው ቻይናዊ የታሪክ ምሁር ዣንግ ሹዌቼንግ በ14ኛው መቶ ዓመት ስለተደረሰው የሦስቱ መንግሥታት ልብ ወለድ ሲናገር ሰባት እጁ እውነት፣ ሦስት እጁ ፈጠራ ነው ብሏል፤ አነጋገሩ አንባቢን ግራ ያጋባል የሚል ወቀሳ ቢሆንም፣ እኔ ግን እንዲህ ያለ አንድ መስመር በየመግለጫው ገጽ ላይ ባገኝ ወቀሳው ሳይሆን ውለታው ይታየኝ ነበር። አገልግሎቱ ሌላው ቀርቶ ያንን ልብ ወለድና በሦስተኛው መቶ ዓመት ቼን ሾው የጻፈውን የታሪክ መዝገብ አንድ ዓይነት ሽፋን አልብሶ፣ በአንድ ተከታታይ ስም፣ አንደኛና ሁለተኛ ቅጽ ይመስሉ ዘንድ አስቀምጧቸዋል።

ከሁሉ የከፋብኝ ግን የመተግበሪያው አንዲት ልማድ ናት። መጽሐፍ ሲከፍቱ ሽፋኑን፣ መቅድሙን፣ ካርታውንና የዘር ሐረጉን ዘልሎ በቀጥታ ከምዕራፍ አንድ ያስጀምራል። በመጨረሻም የታሪኩ የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር እንዳለቀ፣ ከጀርባው ሌላ ገጽ እያለ፣ መጽሐፉን እንደጨረሱ የሚገልጽ መስኮት ብቅ ይልና ኮከብ እንዲሰጡ፣ ከዚያም ቀጣዩን እንዲከፍቱ ይጋብዛል። የታሪካዊ ልብ ወለድ ደራስያን የትኛው ሰው በእርግጥ እንደኖረ፣ የትኛውን እንደፈጠሩ፣ የትኛውን ዓመት ለትረካው ሲሉ እንዳሸጋሸጉ የሚናዘዙት አብዛኛውን ጊዜ በዚያች በመጨረሻዋ ማስታወሻ ነው። ታማኙ ደራሲ የሠራውን አጥር መተግበሪያው ለፍጥነት ሲል ያፈርሰዋል።

ይህ በእኔ ላይ ምን እንዳደረሰ ልናገር። ስለ አንድ መንግሥት መውደቅ የሚተርክ ልብ ወለድ አንብቤ በጣም ስለወደድሁት፣ በመጽሐፉ ውስጥ ያለ አንድ አማካሪ ለንጉሡ የሰጠውን ምክር ታሪክ ለሚያስተምር ወዳጄ በጨዋታ መካከል ጠቀስሁለት። ወዳጄ ጥቂት ሲያስብ ቆየና «ያ ሰው እኮ ከመጽሐፉ ወጥቶ አያውቅም» አለኝ። ቤት ገብቼ እስከ መጨረሻው ገጽ ሳገላብጥ ደራሲዋ ራሷ፣ ያንን አማካሪ የፈጠረችው ሦስት የታወቁ ሰዎችን አንድ ላይ አድርጋ መሆኑን በግልጽ ጽፋ አገኘሁ። እርሷ አልዋሸችኝም፤ ያልተጻፈ ነገር አነበብሁ ብዬም ራሴን ልወቅስ አልችልም። የተጻፈውን የዘለለው መሣሪያው ነው።

እርግጥ ነው፣ መቅድም ሁሉ እውነት ተናጋሪ አይደለም። በ1719 የታተመው ሮቢንሰን ክሩሶ በርእስ ገጹ ላይ ባለታሪኩ ራሱ የጻፈው መሆኑን ይናገራል፤ በመቅድሙም አዘጋጅ ነኝ ባዩ ነገሩ በእውነት የሆነና የፈጠራ መልክ የሌለበት እንደሆነ ያረጋግጣል፤ የዳንኤል ዴፎ ስም ግን የትም የለም። በዚህ መጽሐፍ ላይ መተግበሪያው መቅድሙን ቢዘል አንባቢውን ከውሸት ያተርፈው ነበር እንዳልል ግን፣ ያ መቅድም ራሱ የፈጠራው ክፍል ነው፤ እርሱን ሳያዩ የደራሲውን ብልሃት ማየት አይቻልም። ሐሰተኛውም መቅድም ቢሆን ሊነበብ ይገባዋል።

በድምፅ ትረካው በኩል ነገሩ ይብሳል። የአንድን ጥንታዊ ግዛት ታሪክ የሚያነበው ሰው፣ ስለዚያው ግዛት የተጻፈውንም ልብ ወለድ ያነበዋል፤ ድምፁ የሚያምር፣ አነባበቡ የረጋ፣ በእኔ እምነት በአገልግሎቱ ካሉት ተራኪዎች ሁሉ የሚበልጥ ነው። ችግሩ ከድምፁ ማማር ይጀምራል። በወረቀት ላይ የግርጌ ማስታወሻ፣ የሥዕል መግለጫና የምንጭ ቁጥር አንባቢውን በየገጹ «ይህ ከዚህ ሰነድ የተወሰደ ነው» እያሉ ይቀሰቅሱታል፤ በትረካ ውስጥ ግን እነዚህ ሁሉ ይቀራሉ፣ የሚተርፈው የአንድ ሰው እርግጠኛ ድምፅ ብቻ ነው። ሁለቱን መጻሕፍት በተከታታይ ካዳመጥሁ ከሳምንታት በኋላ አንድ የከበባ ትዕይንት ከየትኛው እንደሰማሁ ለማስታወስ ሞክሬ አልቻልሁም። ማስታወሻዎቹን በተለየ ምዕራፍ አስቀርጾ ማቅረብ ከባድ ሥራ አይመስለኝም።

የምደባው ጉዳይ አንድ ሌላ መልክ አለው፤ ይኸውም የማን ትውፊት ከየትኛው ሣጥን ይገባል የሚለው ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት የማሊን መንግሥት የመሠረተው የሱንዲያታ ገድል በትውልድ በተረከቡት ባለሙያዎች አንደበት ለዘመናት ተላልፎ፣ ጂብሪል ታምሲር ኒያኔ በ1960 በፈረንሳይኛ ካሳተመው በኋላ በሰፊው ታወቀ። የሰሜን አፍሪካው የታሪክ ምሁር ኢብን ኸልዱንም በ14ኛው መቶ ዓመት ይህን ንጉሥ ማሪ ጃታ በሚለው ስሙ ያነሣውና ሃያ አምስት ዓመት እንደገዛ ይመዘግባል። አገልግሎቱ ይህን ገድል ከልብ ወለዶች መካከል አስቀምጦታል፤ ጎኑ ላይ የትሮይ ጦርነት ግጥም «የጥንት ዓለም ታሪክና ባህል» በሚል ሥር ተከብሮ ተቀምጧል። ሁለቱም በአፍ የተላለፉ፣ ሁለቱም ከጀርባቸው የሆነ ነገር ያላቸው፣ ሁለቱም ተአምር የሞላባቸው ሆነው ሳሉ አንዱ ቅርስ፣ አንዱ ልብ ወለድ የሚሆኑበት ምክንያት ሊገባኝ አልቻለም። የሂንዱዎች ገድል ራማያናና ክብረ ነገሥትም በአፈ ታሪክ ሣጥን ውስጥ ናቸው፤ ለአንዱ አንባቢ አፈ ታሪክ የሆነው ለሌላው እምነቱ መሆኑን የሚያመለክት አንድም ቃል በገጻቸው ላይ የለም። ለዚህ ዓይነቱ መጽሐፍ ከአንድ በላይ መለያ መስጠት ይቻላል፤ ሥርዓቱም ይፈቅዳል፤ የጎደለው የሚያስብበት ሰው ነው።

በአምስተኛው ወር ላይ ጥቆማዎቹ ቀስ በቀስ ሲንሸራተቱ አየሁ። የአማልክት ታሪክ በብዛት ስለከፈትሁ መጀመሪያ ዘንዶና አስማት የሞላባቸው ልብ ወለዶች መጡ፤ በዚህ አልከፋኝም። ቀጥለው ግን ስለ ሰመጠ አህጉርና ስለ ጠፋ ሥልጣኔ የሚናገሩ መጻሕፍት «ጥንታዊ ታሪክ» የሚል መለያ ለብሰው ተከታተሉ። አትላንቲስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት ፕላቶ በቲማየስና በክሪቲያስ ውስጥ የጻፈው ትረካ ነው፤ በ1882 ኢግናሺየስ ዶኔሊ በእርግጥ የነበረ የሥልጣኔ ሁሉ ምንጭ አድርጎ ካቀረበው ወዲህ ግን ተከታይ አላጣም። እኔ እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ይወገዱ አልልም፤ አንዱን በፈገግታ ጨርሼዋለሁ። ነገር ግን ከአርኪኦሎጂ መማሪያ አጠገብ በአንድ መለያ ሥር ሲቀመጥ፣ ልቡን ጥሎ ያነበበው ወጣት ልዩነቱን በምን ያውቃል? ልብ ወለድ በስሙ ይናዘዛል ብያለሁ፤ ይህኛው ዓይነት ግን ልብ የወለደውን የታሪክ ካባ አልብሶ ያቀርባል፤ ስለዚህም መለያ ከሁሉ ይልቅ ለእርሱ ያስፈልጋል።

ይህንን ሁሉ ዘርዝሬ ለደንበኞች አገልግሎት ጻፍሁ። መልሱ በሦስተኛው ቀን የመጣ፣ ትሑትና ግልጽ ነበር፦ የዘውግ መለያዎቹን የሚመርጡት አሳታሚዎች እንደሆኑና አገልግሎቱ እንደተላኩለት እንደሚያሰፍራቸው፣ የመክፈቻውን ገጽ ግን በየመጽሐፉ ማስተካከል እንደሚቻል ገለጹልኝ። የመጀመሪያው ምክንያት እውነት ቢሆንም አያሳምንም፤ አሳታሚ መለያ የሚመርጠው መጽሐፉ በሚሸጥበት ዐይን ነው፣ ለአንባቢ ግን ሌላ ዐይን ያስፈልገዋል፤ ቢያንስ አንባቢዎች ስሕተት የሚጠቁሙበት አንድ ቁልፍ ቢኖር ሸክሙ ይቀል ነበር። ሁለተኛውን ግን ፈጽመውታል፤ ከጠቀስኋቸው አራት መጻሕፍት ሁለቱ አሁን ከመቅድማቸው ይከፈታሉ።

ስለ ሌላው ነገር የምለው ጥቂት ነው። ፍለጋው ጥሩ ነው፣ ያሰመሩበትን ጽሑፍ ወደ ውጭ ማውጣት ቀላል ነው፣ መዝገበ ቃላቱ ለጥንታዊ ስሞች ከንቱ ነው። በዘመን ለይቶ የሚያጣራ ማጣሪያ ቢኖረው ለታሪክ አንባቢ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ አሁን ያለው ማጣሪያ የሚለየው መጽሐፉ የታተመበትን ዓመት ብቻ ስለሆነ ስለ ጥንታዊት ሱመር የተጻፈ አዲስ መጽሐፍና ስለ ትናንት የተጻፈ አዲስ መጽሐፍ አብረው ይመጣሉ።

ከአምስት ኮከብ ሦስት ተኩል እሰጠዋለሁ፤ አንዱን ኮከብ የነሣሁት ለመለያው፣ ግማሹን ለዚያች ዘላይ ልማዱ ነው። ምዝገባዬን ግን አላቋረጥሁም። ቀጣዩን መጽሐፍ በራሱ የሚከፍተውን ምርጫ በማስተካከያው ውስጥ አጥፍቼዋለሁ፤ አዲስ መጽሐፍ ሳወርድም ማውጫውን ከፍቼ አስቀድሜ ወደ መጨረሻው ክፍል እሄዳለሁ። ትናንት ማታ የመጣልኝ ጥቆማ ስለ ጊልጋሜሽ የተጻፈ ልብ ወለድ ነው፤ የሱመር የነገሥታት ዝርዝር ይህን ሰው ከነገሥታቱ መካከል ቆጥሮ 126 ዓመት ገዛ ይላል፤ ደራሲው ከዚህ ቁጥር ጋር ምን እንዳደረገ ለማየት ከማስታወሻው ጀምሬያለሁ፤ ርዝመቱም ዐሥራ አንድ ገጽ ነው።